መቋሚያ የሚከተሉ ዳክዬዎች

ባሌ ቄስ ነው። በሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አልለውም፤ አንጀቴ አርሯል።

ዳክዬዎቹን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። እዚህ መካነ ሰላም ክረምት ሲገባ የጓሮዬን ጎመን ቀንድ አውጣ ይጨርሰዋል። ደሴ ያለችው እህቴ፣ ዳክዬ ለቅሞ ያጠፋልሻል ብላ እንቁላል በጭድ ጠቅልላ ላከችልኝ። ዶሮዬን አስታቀፍኳት። አምስት ጫጩት ወጣ። ጓሮው ውኃ ሲቋጥር ዘው ብለው ሲገቡበት፣ ምስኪን ዶሮ ዳር ቆማ ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ዋለች።

ያላመዳቸው ግን ባሌ ነው። እኛ ዳክዬ አንበላም፤ ርኩስ ነው እንላለን። መጀመሪያ ሲያያቸው ፊቱን ያጨማድድ ነበር። ኋላማ ማን ይቻለው! ጉልበቱን ስለሚያመው መቋሚያው ከእጁ አይለይም። ከቅዳሴ ሲመለስ ፉርሽካ በጣሳ ለውሶ፣ በመቋሚያው ድንጋይ ኳ ኳ እያደረገ ይጠራቸዋል። ብዙም ሳይቆይ ያቺን ድምፅ ሲሰሙ ከጎመኑ መሃል እየተንገዳገዱ የሚመጡ ሆኑ። አነዳዱንም ያሳየኝ እሱ ነው። እንዳትሮጪባቸው፣ ዱላውን ወደ ጎን ዘርግተሽ ቀስ ብለሽ ተከተያቸው፣ ፊተኛዋ ከታጠፈች ሁሉም ይታጠፋሉ ይለኝ ነበር። እነሱን ሲያይ ጥርሱ አይከደንም።

አንድ እሁድ ማለዳ የግቢውን በር ሳይዘጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ መቋሚያው ኳ ኳ ይላል። ምን ያድርጉ፣ ጠራን ብለው ተከተሉት። እኔ ሮጬ ስደርስ ባሌ ነጭ ጋቢውን እንደለበሰ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆሟል፤ አምስቱም ከኋላው ተሰልፈዋል። ሰዉ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ይስቃል። ያልሳቁት አንድ የሰበካው ሽማግሌ ናቸው። ይህን ርኩስ ወፍ እዚህ ድረስ ማን አመጣው ብለው ጠየቁ።

ባሌ ዞር ብሎ አየኝ።

“የእሷ ናቸው። እኔ አላውቃቸውም” አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

አላውቃቸውም! ይህን ሲል ትልቋ ዳክዬ የጫማውን ማሰሪያ እየጎተተች ፉርሽካ ትጠይቀዋለች። ሽማግሌው፣ የቄስ ሚስት ሆነሽ እንዴት ባልሽን ታዋርጃለሽ ብለው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ገሠጹኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ እሱ ጋቢውን ያስተካክላል። እንጨት አንስቼ፣ መንገደኛው እየሳቀብኝ፣ እሱ ባስተማረኝ አነዳድ ወደ ቤት ነዳኋቸው።

ከቅዳሴ በኋላ መጣና ዛሬውኑ ከግቢ ይውጡ፣ ለሽማግሌው ቃል ገብቻለሁ አለኝ። አስከትሎም ምሳ አቅርቢ አለ።

“ጴጥሮስ እንኳ ክዶ አልቅሷል” አልኩት። “አንተ ምሳ ትጠይቃለህ።”

ምሳ አላቀረብኩለትም።

ከሰዓት በኋላ ከመንገዱ ዳር ወደሚኖሩት ሙስሊም ጎረቤታችን ነዳኋቸው። ለሙስሊም ዳክዬ አይከለከልምና ቢላዋ እንደሚጠብቃቸው አውቄ፣ ንዴቱ እንባ ሆኖ እየወረደ ነው የሄድኩት። ጎረቤታችን አንዴ እኔን፣ አንዴ ዳክዬዎቹን አዩና፦

“አብሽሪ ልጄ። ሰውን አምኖ የሚከተልን ነገር እኔ አላርድም። እዚሁ ይቆዩ፤ ያንቺው ናቸው” አሉኝ።

አሁን በየቀኑ ፉርሽካ ይዤ እሄዳለሁ። የእኔን ጎመን ቀንድ አውጣ እየበላው ነው፤ የጎረቤቴ ግን አምሮበታል።

ዳክዬዎቹን በወሰድኩ ማግስት ባሌ በጎረቤታችን አጥር በኩል ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ መቋሚያው ድንጋይ ነካ። አምስቱም እየጮኹ ወደ አጥሩ ሮጡ፤ አንገታቸውን በእንጨቱ መሃል አሾልከው ይጠብቁታል። እኔ ደጄ ላይ ቆሜ አያለሁ። ቆመ፣ አያቸው፣ ግራ ቀኙን ገላመጠና ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ እዚያ አጥር ጋ ሲደርስ መቋሚያውን ብብቱ ሥር ይሸጉጣል። ያለ ምርኩዝ ጉልበቱ አይችልም፤ እስኪያልፍ ድረስ ያነክሳል።

ያንክስ።