ለሐኪም የሚሽቀረቀረው ባለላውንደሪ

ባለላውንደሪው ለይሉኝታ የተፈጠረ ሰው ነው። የተጨማደደ ሸሚዝ ከሱቁ ከሚወጣ እሱ ራሱ ቢወጣ ይመርጣል። ደንበኛ ደጅ ቆሞ ቢጮህም ኮሌታው ላይ አንዴ ደግሞ ካውያ ሳያሳርፍ አይሰጥም። ለዚህ ጠባዩ ሰፈሩ ይወደዋል፤ ሚስቱ ደግሞ ትስቅበታለች።

ታዲያ ይሄው ጠባዩ ጉድ ሊሠራው ነበር። ወገቡና ጭኑ ላይ ቀላ ያለ፣ የሚቀረፍና የሚያሳክክ ነገር ወጣበት። ሐኪሙ አየና፣ «ሶሪያሲስ ነው፤ የሰውነትዎ መከላከያ ተሳስቶ የራስዎን ቆዳ እየወጋ ነው» ብሎ ቅባት አዘዘለት። ሰውየው ቅባቱን በሌላ ጊዜ ይረሳዋል። ቀጠሮው ሲቃረብ ግን ጠዋት ማታ ይለቀለቃል፤ ሐኪም ፊት አመድ መስሎ መቅረብ ለሱ ነውር ነው። ሐኪሙም የተረጋጋ ቆዳ ያይና «በጣም ጥሩ!» ይለዋል። እሱም እየሳቀ ይመለሳል። እንዲህ እየተሸነጋገሉ ዓመታት አለፉ፤ ሕመሙ ግን ከጭን ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ጀርባ ይሰፋ ነበር።

አንድ ጊዜ ቀጠሮው ሲደርስ ሚስቱ ቅባቱን ቀማችው።

«አንተ ሰውዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

«መች ደበቅሁት? ቀባሁት እንጂ!»

«እንግዲህ የዛሬን እንዳለህ ትሄዳለህ። እኔም አብሬህ አለሁ።»

እየተነጫነጨ ሄደ። በቀድሞው ሐኪም ቦታ የተተካችው ዶክተር ጀርባውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ከቆዳው ትንሽ ቆርጣ አስመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን አስጠጋች።

«አባባ፣ ሶሪያሲስ አይደለም። ሊምፎማ የሚባል፣ ቆዳ ላይ የሚጀምር ካንሰር ነው። ደግነቱ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ከቆዳም አልዘለቀም። እስካሁን ቅባቱ እየሸፈነው ነው ያልታየው።»

ክው አለ። ሞትን ፈራ፤ ሚስቱን ቀና ብሎ ማየትም አፈረ። እሷ እጁን ያዘችና አንድም ወቀሳ ሳትናገር ወደ ቤት ወሰደችው።

ከዚያ የብርሃን ሕክምና ጀመረ። ዙሪያውን መብራት የተገጠመለት ቁም ሣጥን መሳይ ነገር ውስጥ ራቁቱን ያቆሙታል። «ዕድሜ ልኬን ልብስ ስተኩስ ኖሬ፣ ተራው የኔ ሆነ!» እያለ ነርሶቹን ያስቃቸዋል።

ከወራት በኋላ ዶክተሯ ጀርባውን ዳሰሰች፤ ጭኑንም አየች።

«ጠፍቷል አባባ። በጣም ጥሩ ነው!»

ባለላውንደሪው ፊቱን ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ምን ሆንክ? ተሽሎህ እኮ ነው!» አለች ሚስቱ ደንግጣ።

«አውቃለሁ» አላት፤ «ዛሬ እኮ ምንም አልተቀባሁም።»