ለሻወር ቤቱ መደብ ሴራሚክ የመረጥን ለት

ያን ለት ጧት የጎረቤቴን የልጅ ልጅ በቅቤ እያሸሁ ነበር። ገና አራት ወሩ ነው። እናቱ ቢሮ ትውላለች፤ አያቱ፣ ጎረቤቴ ማለት፣ የእጇ አንጓ እያበጠ ያስቸግራታል፤ ልጅ ማሸት አይሆንላትም። ስለዚህ ጧት ጧት ፀሐይ ግድግዳውን ስትነካ በነጠላዋ ጠቅልላ ታመጣና ጭኔ ላይ ታስቀምጠዋለች። እኔም ደጃፍ በርጩማዬ ላይ ሆኜ፣ ቅቤውን በመዳፌ አሙቄ ከእግሩ እጀምራለሁ። ፊቱን የማየው መጨረሻ ነው። ሁልጊዜም ሕፃን ሳይ መጀመሪያ እግሩን ነው የማየው። ለምን እንደሁ እነግርሻለሁ። አንች ብቻ የምልሽን ጻፊ እንጂ አታሳምሪው።

እንዲያ ሳለሁ አባትሽ መጣ። «እምዬ፣ ተነሽ፤ ሴራሚክ ልንመርጥ ነው» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ?»

«ያንችም ቤት አይደል? ፊትሽን የምትታጠቢበት እኮ ነው።»

ይህ ቤት ያን ጊዜ አላለቀም ነበር። አባትሽ ከገብስ ንግዱ ያገኘውን ሁሉ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው ያፈሰሰው። እኔ ታች ጋይንት ሳለሁ እዳሪ ከቤት ርቆ ነው የማውቀው፤ እዚህ ንፋስ መውጫ ግን ሻወር ቤት ብለው ከመኝታው አጠገብ አስገቡት። ውሃ የሚወርድበት ሳህን አለው፤ ሳህኑ የተቀመጠበት ደግሞ ከሲሚንቶ የተሠራ መደብ አለ፤ ሳሙናውን፣ የጥርስ ብሩሹን የምትደረድሩበት። እሱ መደብ ብቻ ነበር ሴራሚክ የቀረው።

ጎረቤቴ ሰምታ ብድግ አለች። «እኔም እመጣለሁ! ባሕር ዳር ልጄ ቤት አይቻለሁ፤ ከእናንተ እኔ አውቃለሁ» አለች። ልጁን አዘለችና እናትሽ፣ እሷና እኔ ከኋላ፣ አባትሽ ከሹፌሩ ጎን ሆነን በባጃጅ ሄድን። አንች ትምህርት ቤት ነበርሽ።

«እቴ፣ ፊት ለመታጠብ ይኼ ሁሉ ጣጣ!» ትላለች ጎረቤቴ። «እኔ ዕድሜዬን በቅል ታጠብሁ፤ ፊቴ ምን ጎደለው?»

«እርስዎማ በቅልም ያምራሉ፣ እማማ» አለቻት እናትሽ።

«አያምሩም ብትይኝ ከባጃጁ እገፈትርሽ ነበር!»

ሳቅን። ከእሷ ጋር መጨረሻ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ሱቁ በር ላይ አንድ የተሰበረ ሴራሚክ ወድቆ አየሁ። ላዩ ነጭ ነው፤ ያብለጨልጫል። ስባሪው ግን ከውስጥ ቀይ ነው። አጎንብሼ አነሳሁት። እኔ ሴራሚክ ሲሉ ከውጭ አገር የሚመጣ የመስታወት ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ አፈር ነው። ለካ ገል ነው። የእናቴ ደጃፍ ላይ የሚወዳደቀው ያው ገል ነው፤ ላዩን ነጭ አልብሰውት።

አሁን አባትሽ እስከ ዛሬ የማያውቀውን ልንገርሽ። እኔ እንደሚባለው የእስቴ አገር ልጅ አይደለሁም። ስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ነው የተወለድሁት። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች።

አየሁሽ፣ እጅሽ ቆመ። ጻፊው።

ያን ጊዜ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባላል። በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ድስቷን ይገዙና ወጥ ይሠሩበታል፤ እሷን ግን ማዕድ አያቀርቧትም። ገበያ ስንወጣ ቦታችን ከሁሉ ዝቅ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ሕፃን ያዘለች ሴት በእኛ በኩል ስታልፍ ነጠላዋን ስባ የልጇን ፊት ትሸፍናለች። ያኔ እናቴ ማጅራቴን በእጇ ጫን ታደርገውና «መሬት እይ፣ እግራቸውን እይ» ትለኛለች። እንግዲህ የሕፃን እግር ማየት የለመድሁት እዚያ ነው።

እናቴ ከእሳት ያወጣችውን ሁሉ በጣቷ አጥንት ታንኳኳዋለች። ደኅናው እንደ ቃጭል ይጮሃል። የተሰነጠቀው ያስላል፤ ልክ ደረቅ ሳል እንደያዘው ሰው። ስንጥቁ ለዓይን የማይታይ ከሆነ ጥቀርሻ በምራቋ አርጥባ ታሸዋለች፤ ያን ጊዜ መስመሩ ጠቁሮ ይወጣል። የተሰነጠቀ ዕቃ አትሸጥም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የለፋችበትን ጋን ድንጋይ ላይ ትከሰክሰዋለች። «እናቴ፣ ማን ያውቅብሻል?» ስላት፣ «ሳንበድላቸውም ይጠሉናል» ትላለች። ሌላ አትልም።

አንድ ክረምት አመማትና መስከረም ሳይጠባ ሞተች። ድስት ልትገዛ የምትመጣ አንዲት የእስቴ ሴት ነበረች፤ መካን ነች። እሷ ወሰደችኝ። መንገድ ላይ ወንዝ ስንደርስ እጄን በአሸዋ ፈትጋ አጠበችኝ፤ እስኪደማ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ እናትሽ። ሸክላ ከምን እንደሚሠራ አታውቂም» አለችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም። ለአያትሽ ስትድረኝ፣ ሽማግሎቹ እስከ ሰባት ቤት ዘሬን ሲጠይቁ የራሷን ዘር ነው የቆጠረችልኝ። ለእኔ ስትል ዋሽታ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ቁርባን ፈርታ ኖራለች።

ታች ጋይንት ገብቼ የእህል ጎታ ስሠራ ሆን ብዬ አጣምመው ነበር። ጭቃው እጄ ውስጥ ሲገባ ቀጥ ማለት ይፈልጋል፤ እኔ ተጭኜ አጎብጠዋለሁ። አማቴ «የዚች ልጅ እጅ እንጨት ነው» ትል ነበር። አያትሽ ይስቃል፤ ጎረቤቱ መጥቶ አይቶ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ይሳቁብኝ። እየሳቁ ልጆቻቸውን ጭኔ ላይ ያስቀምጡ ነበር። እኔ የምፈልገው እሱን ነው። ከዚያ ሌላ ምንም አልፈለግሁም፤ ሰው ልጁን አምጥቶ ሳይፈራ ጭኔ ላይ እንዲያስቀምጥ። አያትሽ ያን ሁሉ ዘመን አብሮኝ ኖሮ ሳያውቅ አፈር ገባ።

እንግዲህ ያን ገል እንደያዝሁ ሱቁ ውስጥ ገባሁ። ከጣራ እስከ መሬት ሴራሚክ ነው። ሸክላ ሠሪዋን ገደል አፋፍ አስቀምጠው፣ ሸክላውን ከመስታወታቸው ሥር ሊደረድሩት ነው አልሁ በሆዴ። ከዚያ ገሉን ወረወርሁት። እኔ ምን አገባኝ፣ ቶሎ መርጠው ወደ ቤታችን እንግባ ብዬ ነበር።

እናትሽ ወዲያው አንዱን ወደደች። ነጭ ሆኖ ሰማያዊ አበባ ያለበት ነው። ባለሱቁ ወጣት ልጅ ነው፤ አፉ ማር ነው። «እትዬ፣ ዓይንሽ ሥራ ያውቃል! ትናንት ነው የገባው» አላት።

«አበባውስ ያምራል» አለች ጎረቤቴ፤ «ግን ጥርሱን የሚፍቅ ሰው ሁሉ በአፉ ውሃ ሊያጠጣው ነው እንዴ?»

አባትሽ አንዱን አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «እምዬ፣ አንችስ?»

እጄ ቀደመኝ። በጣቴ አጥንት አንኳኳሁት። አሳለ። ሌላ አነሳሁ፣ እሱም አሳለ። ሦስተኛውም።

ዝም ማለት እችል ነበር። «ያምራል፣ ግዙት» ብል ይበቃ ነበር። ጎረቤቴ ትከሻዬ ሥር ቆማለች፤ ልጁ በጀርባዋ ሆኖ ያየኛል። ግን ውሃ የሚፈስበት መደብ ነው። በዚያ ስንጥቅ ውሃው እየሰረገ ገብቶ ሁለት ክረምት አይቆይም። ልጄ በላቡ ያመጣውን ሊሰጥበት ነው፤ እያየሁ ዝም ልበል? እናቴ ለማያቀርቧት ሰው ያላደረገችውን እኔ ለገዛ ልጄ ላድርግ?

«ይኼ ተሰንጥቋል» አልሁ።

ባለሱቁ ሳቀ። «እማማ፣ ካርቶኑን አሁን እኮ ነው የከፈትሁት! የታለ ስንጥቁ?»

ለብርዱ ከእግሩ ሥር የከሰል ማንደጃ አስቀምጦ ነበር። ከማንደጃው ጥቀርሻ በጣቴ ወሰድሁ፤ በምራቄ አረጠብሁና አበባው ላይ አሸሁት፤ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። መስመሩ ወጣ። አንድ አይደለም፤ እንደ ሸረሪት ድር ሁሉንም አዳርሶታል።

«ወይ ጉድ!» አለ ባለሱቁ። እሱም አላወቀም ነበር፤ ደነገጠ።

«እሳቱ ሳይበርድለት ነው ያወጡት» አልሁ። «ትኩሱን ነፋስ መታው።»

እስኪ ይህን ማን ተናገሪ አለኝ? ማንኳኳቱን ሁሉም ሴት ታንኳኳለች፤ ድስት የሚገዛ ሁሉ ያንኳኳል። ይህን የሚል ግን ሸክላ ከእሳት ያወጣ ብቻ ነው።

አባትሽ በኩራት ሞተ። «እናቴን ማን ያታልላታል! ዕድሜዋን አርብ ገበያ የገበየች ሴት ናት!» አለ።

«እማማ፣ ሸክላ ሠሪ ነበሩ እንዴ?» አለ ባለሱቁ። ለቀልድ ነው። አባትሽ ሳቀ፣ እናትሽም አበባዋን እያዘነች ሳቀች። ጎረቤቴ አልሳቀችም።

እንግዲህ እየዞርሁ አንኳኳሁ፤ አንዴ ከወጣ ምን ይደረጋል። ጥግ ላይ የአፈር መልክ ያለው፣ አበባ የሌለው አገኘሁ። ጮኸልኝ፤ ጥርት ብሎ እንደ ቃጭል። ያ ነው አሁን መደቡ ላይ ያለው። እናትሽ «አበባዬን ነጠቁኝ» እያለች ሰነበተች።

ስንመለስ ጎረቤቴ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ከፊቷ ያዘችው፤ ፊቱን ወደ ደረቷ አዙራ። ቤት ስንደርስ አባትሽና እናትሽ ካርቶኑን ሊያስገቡ ሄዱ። እኛ ደጃፍ ቀረን።

«ለመሆኑ አንች የእስቴ ልጅ አልነበርሽ?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«ማንኳኳቱን ማን አስተማረሽ?»

«ገበያ ያስተምር የለ?»

«ማንኳኳትስ ያስተምራል» አለች። «እሳቱ ሳይበርድ መውጣቱንም ገበያ ነው የነገረሽ?»

ስንት ዓመት ውሸቱን አዘጋጅቼ የኖርሁ ሴት ነበርሁ። መሬት አየሁ። ልጅ ሳለሁ እናቴ እንዳስተማረችኝ የጎረቤቴን እግር አየሁ። እሷም መሬት ማየቴን አየች። ከዚያ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ጧት ፀሐይ ግድግዳውን ነካች፤ ልጁ አልመጣም። ቅቤውን አሙቄ ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን ከአጥር በላይ ጠየቅኋት፤ «ጉንፋን ይዞታል» አለችኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ቀድማኝ ሄዳ ነበር፤ ሁልጊዜ በሬን አንኳኩታ ነው የምትሄደው። ሠራተኛው መጥቶ ሴራሚኩን አነጠፈ። አባትሽ ጠራኝና «እይ እምዬ፣ የመረጥሽው እንዴት አማረ!» አለኝ። ጧት ጧት እዚያ ቆሜ ስታጠብ መዳፌን አስቀምጥበታለሁ። ቀዝቃዛ ነው። እናቴን ከሞተች ወዲያ የነካኋት እሱን ስነካ ነው። ለአባትሽ እሱን ማለት አልችል።

ያስጻፍሁሽም ለዚህ ነው። ነገሩ ከወጣ ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ አፍ ስሚው ብዬ ነው። አባትሽንም አንች ንገሪው፤ እኔ ዓይኑን እያየሁ አልችልም።

ከሰነበተ በኋላ ምናልባት ልጁ በርግጥ አሞት ይሆናል፣ እኔ ነኝ ክፉ የማስብ አልሁና ቅቤ በቅጠል ይዤ ወደ ቤቷ ሄድሁ። ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ልጁ ጭኗ ላይ ነው። በዚያ ባበጠ እጇ እሷው እያሸችው ነው፤ ያማታል፣ ከንፈሯን ነክሳለች። ኮቴዬን ስትሰማ ነጠላዋን ስባ ፊቱን ሸፈነችው። እግሩ ብቻ ቀረ። ቅቤ ጠጥቶ እያብለጨለጨ ይራገጣል። እኔም እግሩን አየሁ።

«ደህና አደርሽ?» አልኋት።

«እግዜር ይመስገን። ተኝቷል» አለችኝ። ልጁ ከነጠላው ሥር ሳቀ። እሷ ቀና ሳትል፣ «አንችም እኮ አርጅተሻል እቴ፣ እጅሽ ይደክማል። ከእንግዲህ እኔው አሸዋለሁ» አለችኝ።