የቃልኪዳን ስልክ በሽምግልና

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው እነዚህ ነን። እኔ ተፈራ፣ ፒያሳ ቁልፍ ስቀርጽ የኖርኩ፤ ትምህርት ቤት ብዙ ያልቆየሁ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ የሰው ጥፋት ማረም የምወድ። ሚስቴ ወይንሸት፤ ከእኔ ይልቅ ታውቃለች፣ ግን ካልተጠየቀች አትናገርም። አንድያ ልጃችን ቃልኪዳን፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ጎረቤቶቻችን፦ ማንም ሳይሾማቸው የግቢያችን ዘብ የነበሩት እትዬ አስካለ፤ የሸቀጥ ነጋዴው ሐጂ ሸምሱ፤ ጡረታ የወጡት የታክሲ ሾፌር ጋሽ ወልዴ፣ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል። ሁላችንም የዶሮ ማነቂያ ሰዎች ነን። «ነበርን» ማለት ይኖርብኛል፤ እጄ ግን እሺ አይለኝም።

ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተብለን የወጣነው ገና ወፍ ሲንጫጫ ነው። ፍራሹን፣ ቁምሳጥኑንና የቁልፍ መቅረጫዬን ጭነት መኪና ላይ ጫንን። ወይንሸትና ቃልኪዳን ጋቢና ገቡ፣ እኔ ከላይ ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ አስካለ የራሳቸውን ዕቃ ትተው የእኛን ገመድ ያጠብቁ ነበር።

«አንተ፣ ያችን ልጅ እዚያ ወስደህ እንዳታስመርራት» አሉኝ።

«እኔ በሥነ ሥርዓት ነው የማሳድጋት።»

«እሱን ነው የፈራሁት።»

ለእኛ የደረሰን የከተማው ምሥራቅ ዳር ነው። እትዬ አስካለ ወደ ደቡብ፣ ሐጂ ወደ ምዕራብ ሄዱ፤ ጋሽ ወልዴ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። አሁን አንዳችን ሌላችንን እንጠይቅ ብንል ሦስት ታክሲና ግማሽ ቀን ይፈጃል። እናንተ ገና ያልተነሳችሁ፣ ይህን ከወዲሁ ዕወቁት።

የኮንዶሚኒየሙ በር ላይ አንድ ወጣት ጥበቃ አስቆመን።

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከፒያሳ።»

«ፒያሳ የት ጋ?»

«ዶሮ ማነቂያ።»

«አሁንም አለ እንዴ?»

«እኔ እንጃ ልጄ፣ ጠዋት ስወጣ ነበረ።»

የአገሩን ቋንቋ መልመድ ጊዜ ወሰደብኝ። እዚህ ሰፈር አይባልም፣ ሳይት ነው። ጎረቤትም የለም፤ «ብሎክ ሰባት ላይ ያለው ሰውዬ» ነው የሚባለው። ማኪያቶ ብዬ ያዘዝኩት ቡናን በሩቁ ሰላም ብሎ ያለፈ ወተት ነው። ነፋሱማ አይነሳ! የፒያሳ ብርድ በጠባቡ መንገድ ከሰው ጋር ተጋፍቶ ስለሚመጣ እኛ ጋ ሲደርስ ትንሽ ሞቆ ነበር። ይሄኛው ግን ከሜዳው ተነስቶ ማንም ሳያስቆመው አራተኛ ፎቅ ይወጣል።

የቁልፍ መቅረጫዬን ደረጃ ሥር ላስቀምጥ ብዬ የኮሚቴውን ሰብሳቢ ጠየቅኩ።

«አይቻልም። ኮመን ኤሪያ ነው።»

«ኮመን ማለት የጋራ ማለት አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያውስ የእኔም ነዋ።»

«የጋራ ስለሆነ የማንም አይደለም» ብሎኝ ሄደ። እኔም ታክሲ ተራው አጠገብ የላስቲክ ዳስ ተከራየሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ፒያሳ እያለን ስለ ልጄ ስልክ አስቤ አላውቅም፤ ልጄን የሚጠብቃት ሰፈሩ ነበር። እሪ በከንቱ ድልድዩ ጋ ከማን ጋር እንደቆመች፣ እሷ ቤት ሳትደርስ ወሬው ይደርሰኛል። ያየ ሁሉ ይቆጣታል፣ የተቆጣት ሁሉ ለእኔ ይነግረኛል። እዚህ ግን ማንም አያያትም። ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ክፍሏን ትዘጋለች፣ ስልኳን ይዛ ትስቃለች። በምን እንደምትስቅ አላውቅም። ወላጆች፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን ያስፈራኝ ያ ሳቅ ነው።

ስለዚህ ሙያዬ እንዳስተማረኝ አደረግሁ። የብረት ሳጥን ገዛሁ፣ በእጄ ያስተካከልኩትን ቁልፍ ገጠምኩበት፣ ስልኩ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እዚያ ያድራል ብዬ ደነገግሁ። ልጄ ስልኳን ሰጥታኝ ክፍሏ ገባች። እኔም ቆራጥ አባት እንዴት እንደሚከበር ለወይንሸት ሰፋ ያለ ማብራሪያ ሰጠኋት። እሷ ሽንኩርቷን ከተፈች።

አንድ ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት ስልኩ ትኩስ ነው። በዚያ ብርድ፣ ብረት ውስጥ ያደረ ዕቃ!

«ቃልኪዳን፣ ማን ነው ይሄን የከፈተው?»

«እኔ።»

«በምን?»

«በፀጉር ማስያዣ። አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ?»

እውነቷን ነው። ልጅ ሆና ሱቄ ስትውል እንዳይሰለቻት ያረጀ ጓጉንቸር እየሰጠሁ አስከፍታት ነበር። በንዴቴ መሃል ቁልፉን አገላብጬ አየሁት፤ አንድ ጭረት የለውም። ንጹህ ሥራ ነው። ይህን ግን አልነገርኳትም። ስልኩን ወርሼ ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ እኔን ማናገር ተወች። ፊት ለፊት ተቀምጠን «እማዬ፣ ጨው ያቀብለኝ በይው» ትላለች። እኔም ሞኝ ሆኜ «ወይንሸት፣ ይኸውልሽ በያት» እላለሁ። መጀመሪያ አሳቀኝ። ቆይቶ ግን ከዳሴ ስመለስ ደረጃውን መውጣት ይከብደኝ ጀመር። ሰፈሬን አጥቼ መጥቻለሁ፤ ልጄን ደግሞ እዚያው ቤቴ ውስጥ ላጣ ነው።

አንድ ቀን እራት ላይ «እማዬ፣ ሽማግሌ ይግባልኝ በይው» አለች።

ሽማግሌ የሚገፋ ሰው አይደለሁም። «እሺ፣ ግን ሽማግሌዎቹ አንድ አገር አይደሉም። ማን ነው የሚሰበስባቸው?» አልኩ።

ወይንሸት ሳትጠየቅ ተናገረች። «በቪዲዮ ኮል።»

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ስልኩን ከኪሴ አውጥቼ ከስኳር ጣሳው ጋር አስደገፍነው። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀረቡ። ከሐጂ የሚታየው ቆባቸውና ግንባራቸው ነው። ጋሽ ወልዴ ድምፁ እንዳያመልጣቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ስለለጠፉት፣ በሽማግሌነት የተቀመጠልን አንድ ትልቅ ጆሮ ነው።

ሽምግልና በቀጥታ ወደ ጉዳይ አይገባም። የእያንዳንዱ ጤና ተጠየቀ፣ የእያንዳንዱ የልጅ ልጅ ተነሳ፣ የሐጂ ጉልበት ከዚያም ከዚህም ምክር ተሰጠው። ጋሽ ወልዴ ያልሰሙት እንደገና ተደገመ። ከዚያ ተመረቅን።

«እማዬ፣ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ጊጋ በላ በያቸው» አለች ቃልኪዳን በሹክሹክታ።

«ምን አለች?» አለ ጆሮው።

ክሴን አቀረብኩ። ልጅ መጠበቅ አለባት አልኩ፤ በዚህ ዘመን አደጋው በበር አይገባም አልኩ፤ ጥሩ ነው የተናገርኩት። ሐጂ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺስ የኔ ልጅ፣ ማታ ማታ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከጓደኞቼ ጋር። አንዷ እትዬ ያሉበት ናት፣ አንዷ ሐጂ ያሉበት። እዚህ ብሎክ ውስጥ የማውቀው ሰው የለም። ስልኩ ሲዘጋ እኔ የማንም ልጅ አይደለሁም።»

መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት እትዬ አስካለ ቀደሙኝ።

«ከእኔስ ጋር? ለምን አትነግሪውም?»

«ከእርስዎ ጋር?» አልኩ።

«አንተ፣ ታዲያ ማን ይመስልሃል ደህንነታችሁን የሚነግረኝ? አንተ ደውለህ ታውቃለህ? ብሮንካይትህ እንደተነሳብህ ሰምቻለሁ። ኮሚቴው እንዳባረረህ ሰምቻለሁ። ደረጃው ላይ ተንሸራተህ በቂጥህ ቁጭ ብለህ፣ ለሰው እንዳትናገሩ ማለትህን ሳይቀር ሰምቻለሁ!»

ግንባሩ ሳቀ። ጆሮው «ምን ሆነ አሉ?» አለ፤ እትዬ አስካለ ጮክ ብለው ደገሙለት። ወይንሸት ጀርባዋን ሰጥታኝ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲህ ተፈራ፣ ተመካክረን የደረስንበት…» አሉ፣ ቆባቸው ባለበት ደረቀ። ሁሉም ደረቁ። ፓኬጁ አልቋል።

ፍርዴን ሳልሰማ ቀረሁ። ልጄ ጣራውን ታያለች፤ ሚስቴ እኔን ታያለች። ያንን የከለከልኩትን ኢንተርኔት ልገዛ አራቱን ፎቅ ወረድኩ። ባለሱቁ «ለስንት ሰዓት የሚሆን?» አለኝ። «ሽማግሌዎቹን አታውቃቸውም፣ ትልቁን ስጠኝ» አልኩት።

ውሳኔው ይህ ነው። ሳጥኑ ይቅር። የቤት ሥራ ሳያልቅ ኢንተርኔት የለም፤ ካለቀ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ክፍት ነው፣ የክፍሏ በር ሳይዘጋ። ስልኩ ማታ የሚያድረው ወይንሸት ዘንድ ነው። አባት ይጠይቅ እንጂ አይበርብር። እሺ አልኩ። በሩ ሳይዘጋ የምትለዋን ልጄ አልወደደቻትም፣ ግን እሷም እሺ አለች።

ጉዳዩ አልቋል፤ ስልኩን የሚዘጋ ግን ጠፋ። ጋሽ ወልዴ ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን አሳዩን።

«ከእናንተ መሃል ሰፈር ሄዶ ያየ አለ? አሁን ምን ይመስላል?» አሉ።

ሐጂ በዚያ አላለፍኩም አሉ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዳሴ ፊት የታክሲው ረዳት በየቀኑ «ፒያሳ» እያለ ይጣራል፤ እኔ ግን ተሳፍሬ አላውቅም። እንዲያው ዝም እንዳልን ተያይተን ቆየን፤ ፓኬጁ ግን ዝም ብንልም ይቆጥራል።

ከተሰነባበትን በኋላ ቃልኪዳን ስንት ጊጋ እንደፈጀባቸው ሁሉንም በመልእክት አንድ በአንድ ጠየቀች፣ ጻፈች፣ ደመረች። ከዚያ እናቷን አልፋ ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ የእኔ ሁለት፣ አንተ ከሞላኸው አንድ፣ የሦስቱ ሦስት ሦስት። አሥራ ሁለት ጊጋ ጨርሳችኋል።»