የአደር አብዲራሺድ የሠርግ ካሴቶች

ሽመክት ሳቢያን ሰፈር በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ዌብሳይት ይሠራል። እጁ ወርቅ ነው፤ እምቢ ማለት ግን አልፈጠረበትም። ሰው ፊቱ ቆሞ ከለመነው አለቀለት።

ፈርዶውሳ አንድ ካርቶን ካሴት ተሸክማ መጣችበት። አባቷ አብዲራሺድ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሶማሊኛ «አደር»፣ አጎቴ፣ እያለ የሚጠራቸው፣ በጉልምስናቸው ሠርግ ካለበት ሁሉ እየሄዱ ዘፈን ይቀዱ፣ የራሳቸውን ማኅተም አትመው ይሸጡ ነበር። አሁን ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ልባቸውም ደክሟል።

«ሐኪሙ ተስፋ አልሰጠንም» አለችው። «ሳይሄድ በፊት ሥራው ዓለም ላይ ወጥቶ ይስማልኝ።»

«ይሰማል» አላት። አፉን በቆረጠው።

ሁለት ወር ለፋ። አሥራ አንድ ዘፈን ከካሴቱ ኩሽኩሽታ አጽድቶ ዌብሳይት ላይ ጫነ፤ በየሥሩ የሙሽሮቹን ስም ጻፈ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ግን የሠርግ ዘፋኝ ሙሽሮቹን በስማቸው ካላነሳ፣ «ሞት እንጂ ሰው አይለያችሁ» ካላለ መች ዘፈነ ይባላል? እንዲያ ከተባለላቸው መሀል ዛሬ ስንቱ አብሮ እንዳለ ሁለቱም አላሰቡበትም።

አድራሻውን ለሰፈሩ በቴሌግራም በላኩ ማግሥት ጉድ ፈላ። ከድሮዎቹ ሙሽሮች አንዷ፣ ቢላን፣ ቀደመች።

«ወንድሜ፣ እኔ አሁን የሌላ ሰው ሚስት ነኝ። ባሌ ሰምቶ እራቱን ትቶ ተነሳ። አጥፋልኝ።»

አጠፋላት። ከሰዓት ሌላው የድሮ ሙሽራ ዒጋል መጣ። «የፈታኋት ሴት ስም ከስሜ ጋር በየባጃጁ ይዘፈንብኝ እንዴ?» አጠፋለት። ቀጥላ ባሏ የሞተባት ሴት መጣች። ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሷንማ እንዴት እምቢ ይላታል! አጠፋላት። በሳምንቱ አንድ ዘፈን ብቻ ቀረ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ተዋደው የኖሩት የሳሃልና የሃምዳ። እነሱም መጡ። «የኛ ትዳር ብቻ ተለይቶ ሲታይ የሰው ዓይን ይበላናል።»

«ምን ላድርግ?» አላት ፈርዶውሳን።

«ምን ታደርጋለህ» አለች። እሷም ነገ ከነዚሁ ሰዎች ጋር ነው የምትኖረው። የመጨረሻውንም ዘፈን አጠፋ።

ባዶ እጁን አደር ዘንድ መሄድ አልሆነለትም። ከአንዱ ካሴት መግቢያ ላይ የራሳቸውን ድምፅ አገኘ፤ እሱን ብቻ ቆርጦ ጫነው። እሑድ ከአልጋቸው ጠርዝ ተቀምጦ ስልኩን ከፈተላቸው።

«አንድ፣ ሁለት። ሰው ዝም ይበል። እሺ፣ ጀምሩ» አለ የጎልማሳ ድምፅ።

አደር ፈገግ አሉ። ከትራሳቸው ቀና ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ። ስልኩ ዝም አለ። ፈርዶውሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ሽመክት» አሉ አደር፤ «ኔትወርክ ነው?»

«አዎ አደር፣ ኔትወርክ ነው።»

«ግድ የለም፣ እንጠብቃለን» አሉና እጁን ያዙት።