የጋሼ ተስፋይ ጥይትና ያላለቀው ጸሎት

ይህ ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ፣ እዚሁ ካልጋሪ ነው። ከዚያ ወዲህ ቸርች ውስጥ «እንጸልይ» በተባለ ቁጥር ያ ጠዋት ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ጋሼ ተስፋይ ቴምፕል በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው። ኤርትራዊ ቢሆኑም አማርኛን በትምህርት ቤት ስለተማሩት ከእኛ አሳምረው ይናገራሉ። ችግሩ ጸሎታቸው ይረዝማል። እሳቸው ማይኩን ሲይዙ፣ ወጥ ጥዶ የመጣ ሰው ጉዱ ፈላ እያልን እናሾፋለን።

አደን ነፍሳቸው ነው። የኤልክ ፈቃድ በዕጣ ስለሚሰጥ ለዓመታት ሲያልፋቸው ቆይቶ አምና ወጣላቸው። ኤልክ የአጋዘን ዘመድ ነው፤ ቁመቱ ግን ፈረስ ያክላል። ደስታቸውን ሳይጨርሱ ቀኝ ትከሻቸው ኦፕራሲዮን ተደረገ። ከዚህ በኋላ ሌላ አደን እንደማይኖራቸው እሳቸውም ያውቁታል። ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን «ብቻቸውን አይነዱም፣ አንቺ ውሰጂልኝ» ብለው ለመኑኝ። እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ እንጂ አደን በዓይኔም አይቼ አላውቅም።

መጀመሪያ ጥይት ለመግዛት ከሰንሪጅ ሞል ብዙም ወደማይርቅ ሱቅ ሄድን። ጥይት ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። ግድግዳውን ሙሉ ሳየው የሻምፖ መደርደሪያ ፊት የቆምኩ ያህል ግራ ገባኝ። ሻጩ ለኤልክ ይሄ ነው ብሎ ትልልቆቹን አወጣላቸው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታውን ሪኮይል ትከሻዬ አይችለውም» አሉኝ። «ምቱን ፈርቼ ዓይኔን ከጨፈንኩ እስተዋለሁ።»

«ታዲያ ቀለል ያለውን ይውሰዱዋ!»

«ተራው ቀላል አረር ደግሞ አጥንቱ ላይ ይበታተናል። እንስሳው ቆስሎ ጫካ ይገባና እዚያ ሲሰቃይ ይከርማል። ከዚያስ ባዶ እጄን ብመለስ ይሻለኛል፣ ልጄ።»

ብዙ ካገላበጡ በኋላ ለጠመንጃቸው የሚሆን ቀለል ያለ ጥይት መረጡ፤ አረሩ ግን እርሳስ የሌለበት፣ ሙሉ በሙሉ መዳብ ነው። መዳቡ ሳይፈረካከስ ጠልቆ ይገባል አሉኝ። የተኩስ መለማመጃ ሬንጅ ሄደው ሞከሩት፣ ትከሻቸውም ቻለው። ቢሆንም ኤልኩ በጣም ካልቀረበና ጎኑን ካልሰጠኝ አልተኩስም ብለው ማሉ።

«ጋሼ፣ አፖይንትመንት ያሲዙታ!» ብዬ አሾፍኩባቸው።

በቀጠሯችን ቀን ከከተማው ወደ ምዕራብ ነዳን። መኪናውን ፓርክ አድርጌ በእግር ጫካ ገባን፤ ጎህ ሲቀድ አንዲት ገላጣ ሜዳ ዳር የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጥን። ጋሼ ጥይት አላጎረሱም። «የጎረሰ ጠመንጃ ይዞ አይጸለይም» ብለው ጠመንጃውን ሣሩ ላይ አስተኙ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ።

ከልጅ ልጆቻቸው ተነሱ። ወደ ሽማግሌዎች አለፉ፣ ወደ ሕመምተኞች፣ ከዚያ ወደ አገር። እግሬ ደነዘዘ። በዚህ አያያዝ ኤልኩ ቫንኩቨር ይገባል አልኩ በልቤ። በመጨረሻ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ፍጥረትህን ያለ ስቃይ...» ሲሉ ዓይኔን ገለጥኩ።

ቆሞ ያየናል።

በመካከላችን የሦስት አውቶቡስ ርዝመት ቢኖር ነው። ትንፋሹ ይጨሳል። ቀንዱ ላይ ውርጭ ያብለጨልጫል። ሲተነፍስ ይሰማኛል። እንዲህ ያለ ግርማ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ፣ እንባዬም መጣ። ሰው ፊት የቆምኩ ይመስል ነጠላዬን ማስተካከል አማረኝ፤ የለበስኩት ግን የክረምት ጃኬት ነው።

ጋሼን በክርኔ ነካኋቸው። ጸሎቱን እዚያው አቆሙት። ከኪሳቸው አንድ ጥይት አውጥተው ድምፅ ሳያሰሙ አጎረሱ፤ ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ኤልኩ ግን ፊት ለፊት ነው የቆመው፣ ጎኑን አልሰጠም። ተኩሱ እንጂ፣ ሊያመልጠን ነው እላለሁ በሆዴ። እሳቸው ጠበቁ። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቁት ነገር ፊታቸው ቆሞ፣ አፈሙዙን ቀስ ብለው ዝቅ ሲያደርጉ አየሁ። ልቤ ተሰበረ።

ያኔ ኤልኩ በራሱ ጊዜ ዞሮ ጎኑን ሰጠ። አንገቱን ዘርግቶ አፏጨ። ያ ሁሉ አካል ያን የመሰለ ቀጭን ድምፅ ያወጣል ብሎ ማን ያስባል! ተራራው መልሶ አስተጋባ። ጋሼ ጠመንጃውን አነሱና ቃታውን ሳቡ። ኤልኩ ጥቂት ተራመደ፣ ጉልበቱ ታጠፈ፣ ተኛ። ከዚያ ወዲያ አልተነቃነቀም።

ወዲያው አልሄድንም፤ መሞቱን እስክናረጋግጥ ጠበቅን። በኋላ ቀረብን። የድሮ አዳኝ ግዳይ ጥሎ ይፎክራል ሲባል ስለሰማሁ፣ አሁን ይፎክራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ጋሼ ተንበረከኩ። መዳፋቸውን ገና ያልቀዘቀዘው አንገቱ ላይ አኖሩ።

«አሜን» አሉ።

ጸሎቱ ሳይዘጋ መቆየቱ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። እኔም ከጎናቸው ተንበርክኬ አሜን አልኩ።

ሥጋው ለስንቱ ቤት ደረሰ። ጋሼ ጠመንጃውን ለአንድ ወዳጃቸው ሰጡት። ጸሎታቸው ዛሬም እሁድ እሁድ ይረዝማል፣ ወጥም ያርራል። እኔ ግን ሰዓት ማየት ትቻለሁ። አንዳንዴ ብቻ ዓይኔን በስሱ ገለጥ አደርጋለሁ፤ ፊታችን ምን እንደቆመ አይታወቅም።