የእመቤቲቱ ቅጠል

ጎረቤቶቿ «የጥጓ» ይሏታል፤ ቤቷ መንገዱ የሚያልቅበት ጥግ ላይ ስለሆነ። ፊደል ከቆጠረች በኋላ ብዙም ሳትርቅ ትምህርቷን አቋረጠች። የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ጉልበቷን ጨረሰች፣ ባሏን ቀበረች፣ ሁለት ልጆች አሳደገች። ለልጆቿ የምትሰጠው ነገር ቢኖር የጓሮ ሙዟ ነው።

ከወጥ ቤቱ በር ፊት የቆመችው፣ ቅጠሏ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው፣ «እመቤቲቱ» ትባላለች። ሴት ልጇ ቆማ መሄድ የተማረችው እሷን ተደግፋ ነው። ሌላው ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ ድንጋይ ላይ የበቀለ ድንክ ነው። እሱን «የእንጀራ ልጅ» ይሉታል።

ያን ሰሞን በሰፈሩ የሙዝ በሽታ ገባ ተባለ። የያዘው ሙዝ ቅጠሉ ይጠባል፣ እንደ መጥረጊያ ጫፉ ላይ ይታፈጋል፣ ከዚያ ወዲያ ፍሬ የለም። የእርሻ ባለሙያዋ ገበያው በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ፣ የተጠራጠራችሁትን ቅጠል አምጡ አለች።

የጥጓ በማለዳ ቢላዋ ይዛ ወደ እንጀራ ልጅ ሄደች። ቅጠሉ ቢጫ ነው፤ ተቀዳዷል፣ አቧራ ጠጥቷል። ይህን ይዤ ሰው ፊት ልቀርብ ነው? አለች በሆዷ። ልጅ እንኳ ሐኪም ዘንድ የሚወሰደው ፊቱ ታጥቦ ነው። ተመልሳ ከእመቤቲቱ ለጋ ቅጠል ቆረጠች፣ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው፣ ይዛው ሄደች።

ባለሙያዋ ከቅጠሉ ቆርሳ ፈሳሽ ባለበት ትንሽ ላስቲክ ውስጥ አሸችው፤ ቀጭን ወረቀትም ነከረችበት። አንድ ቀይ መስመር ወጣ። የጥጓ ተመስገን ልትል አፏን ስትከፍት ሁለተኛው ብቅ አለ።

«አንድ መስመር ጤና ነው፣ እናቴ። ሁለት ከሆነ ቫይረሱ አለ» አለቻት ባለሙያዋ።

«ይቺ እኮ ደህናዋ ናት» አለች የጥጓ። የታመመውን አፍራበት ቤት እንደተወችው ስትናገር ባለሙያዋ ሳቋን ዋጠችና በሉ እሱንም አምጡት አለቻት። ሄዳ ከነአቧራው አመጣችው። አንድ መስመር። ቢጠብቁ ቢጠብቁ ያው አንድ። የእመቤቲቱን ደገሙት፤ ሁለት።

ወረፋ የያዘ ግንበኛ «ላይዋን ሲያዩት እመቤት፣ ውስጧን ለቄስ» ብሎ ሰውን አሳቀ።

ባለሙያዋ አስረዳቻት። ክሽክሽ የሚሉት ደቃቅ ተባይ በሽታውን ከታመመው መጥጦ ወደ ጤነኛው ይወስዳል። ምልክቱ እስኪታይ ወራት ሊያልፍ ይችላል፤ እስከዚያ ግን ከሥሯ የሚበቅሉት ልጆች፣ ለተከላ የሚወሰዱት ቡቃያዎች፣ ይዘውት ይወጣሉ። የእንጀራ ልጅ አልታመመም፣ ተርቦ ነው። እመቤቲቱ መነቀል አለባት፤ ክሽክሹ ወደ ሌላ እንዳይሄድ አስቀድሞ የሳሙና ውሃ ይፈስባት።

«መቼ ነው የያዛት?» አለች የጥጓ።

«እሱን ወረቀቱ አይነግረንም።»

ቤቷ ስትደርስ ልጇ ጆንያና ዶማ ይዛ ጓሮ ቆማለች። ከባሏ ጋር ትንሽ መሬት አግኝተው ከእመቤቲቱ ሥር የወጡትን ልጆች ልትወስድ ነው የመጣችው። ወንድሟ ከጥቂት ወራት በፊት ድርሻውን ወስዶ ተክሏል። እናቷ መውሰድ አይቻልም ስትላት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ለሱ ጊዜ ደህና ነበረች፣ ለኔ ሲሆን ታመመች?»

የጥጓ የመስመሩን ነገር ታስረዳት ጀመር። አንዱ ጤና፣ ሁለቱ በሽታ። መሃል ላይ ራሷም ተምታታባት። ልጅቷ ቅጠሉን ገልብጣ አየች። እስቲ ያመማት የቱ ጋ ነው አለች። እናት የምታሳያት አጣች። ከእንጀራ ልጅ ውሰጂ ብትላት ደግሞ ባሰ፤ ድሮም ለሷ የሚደርሳት የተረፈው ነው አለች።

የጥጓ ሳፋ ሙሉ የሳሙና ውሃ በጥብጣ በጣሳ እየቀዳች ቅጠሉ ከሚፈለቀቅበት አናት ላይ አፈሰሰች። ከዚያ ገጀራውን አነሳች። ግንዱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ድምፅ ሳያሰማ ተቆረጠ። ልጅቷ ክንዷን ያዘቻት።

«እማ፣ ተዪ። ተናድደሽ ነው፣ ተዪ።»

«ሰስቼብሽ ቢሆን እቆርጣት ነበር?»

ልጅቷ እጇን ለቀቀች። ሁለቱም ጎንበስ ብለው የተቆረጠውን አዩ። ነጭ ነው፤ ውሃ የሞላበት፣ አንዲት ነቁጥ የሌለበት። የጥጓ ጣቷን ሰደደችበት፣ አሸተተችው። የሙዝ ሽታ ነው። ተሳስቼ ይሆን? ወረቀቱስ ቢሳሳት? ሁለት ጊዜ ይሳሳታል? ግራ ገብቷት መሬት ላይ ተቀመጠች። ልጇ ቀሚሷን ሰብስባ በዶማው ሥሩን መቆፈር ጀመረች።

ሥሩ ሲላቀቅ ልጅቷ ድንገት ቀና አለች። «የወንድሜስ?»

ያን ጊዜ ነው እናትም ያሰበችው። ያዳላሁለት የተባለው ልጅ፣ ማሳውን የሞላው ከዚህችው ነው። እንዴት ያማሩ ናቸው እያለ በየሳምንቱ ይደውላል።

ልጅቷ አፈር በነካው እጇ ስልኳን አውጥታ ወንድሟ ጋ ደወለችና ለእናቷ ዘረጋችላት።

«ምን ልበለው?» አለች የጥጓ።

«እኔ እንጃ። እኔም እኮ አልገባኝም።»

ስልኩ ጠራ። ወዲያው አነሳና፣ እንደ ልማዱ ሰላምታ ሳያስጨርስ፣ ሙዞቹ እንዴት እንዳማሩ ይነግራት ጀመር።