መወርወሪያው የቆመበት ምዕራፍ

ሸማ ተራ ውስጥ የማይለቅ ቀለም በጥብጦ ክር የነከረ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ኬሚስትሪ ማንም አላስተማረኝም፤ አሮጌ መጻሕፍት እየገዛሁ ብቻዬን ተምሬ ጓሮዬ ውስጥ ላቦራቶሪ ሠራሁ። ነጋዴዎች የጥለት ክር ሲያመጡልኝ በሙቅ ውኃና በጨው እፈትነው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው ነበር። እኔ "አይለቅም" ያልኩት ጥለት ነጩን ሸማ አበላሽቶ አያውቅም።

ልብ ወለድ መጻፍ የጀመርኩት ባለቤቴ ከሞተች በኋላ ነው። ሐውልት ከማቆምላት መጽሐፍ ልጻፍላት አልኩ። ጽሑፍም እንደ ክር መፈተን እንዳለበት የደረስኩበት ራሴ ነኝ። መፈተኛዬ ከአንድ ሱቅ ጀርባ የሚሠራ ሸማኔ ወዳጄ ነበር። እሱ ስልኩን አጥፍቶ ይሸምናል፣ እኔ አነባለሁ። ክሩን ከዳር ዳር የሚያመላልስበት መወርወሪያ ከቆመ ምዕራፉ አልፏል፤ ካልቆመ እቀደዋለሁ። ብዙ ጊዜ ይቆም ነበር። ጎበዝ ጸሐፊ ነኝ።

የሞቷን ምዕራፍ ያነበብኩለት ቀን ግን መወርወሪያው እስከ መጨረሻው ከዳር ዳር ተመላለሰ። መጽሐፉ በሙሉ የተጻፈው ለዚያ ምዕራፍ ነበር።

"አልሰማኸኝም?" አልኩት።

"ሰምቻለሁ ጋሼ። ትኩሳቱን ነገሩኝ፣ መድኃኒቱ ደም ውስጥ የሚሠራውን ነገሩኝ። ሐኪም ቤት የሄድኩ መሰለኝ። እትዬ የት አሉ?"

"አልጋው ላይ ናት። ጽፌዋለሁ እኮ።"

"አልጋው ላይ ያለችው አንዲት በሽተኛ ናት። እኔ የማውቃቸው እትዬ ፈትላቸውን ይዘው ይመጡና፣ 'ያ ባለ ሰማያዊ ጥፍር በዚህ አላለፈም? ሳይታጠብ ገበታ አይቀርብም' የሚሉት ናቸው።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። በአንዋር መስጊድ በኩል የጁምዓ ሰጋጆች መንገዱን ሞልተውት ስለነበር እስኪበተኑ ቆምኩ። ቆሜ እጄን አየሁ። ጥፍሬ ሥር ያለው ሰማያዊ ዛሬም አልወጣም። ባለቤቴ በመጨረሻ መናገር ሲያቅታት እጄን ይዛ ያንን ሰማያዊ በአውራ ጣቷ ስታሽ ትውል ነበር፣ ልታስለቅቀው። ይህን የትም አልጻፍኩትም። የሚጻፍ ነገር አልመሰለኝም ነበር።

ቤት ገብቼ ምዕራፉን እንደ አዲስ ጻፍኩ። ትኩሳቱን አወጣሁ፣ አውራ ጣቷን አስገባሁ።

ስመለስ ሸማኔው የሙሽራ ቀሚስ ጥለት ላይ ነበር። አነበብኩለት። መወርወሪያው ድሩ መሀል ቆመ፤ ከጨረስኩ በኋላም አልተነቃነቀም።

"እጅዎን ያሳዩኝ እስቲ" አለኝ።

ሰጠሁት። ጥፍሬን በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ አሸው።

"አይለቅም" አልኩት። "የነከርኩት እኔ ነኝ።"